በሁለት ግቢ መካከል ያለ ሩብ ሰዓት

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በስምንተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት አልፎ መንገዱ ገና ከጭቃው ሳይላቀቅ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ከኮረብታው አናት ላይ ደወል ተደወለ፤ ከኮረብታው ሥር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ደወል መለሰለት። ሁለቱም ደወሎች የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ ሁለቱም “ሁለት ሰዓት ሆኗል” ማለታቸው ነበር፤ ሁለቱንም የደወላቸው ደግሞ አንድ ሰው ነበር። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የላይኛው ግቢ ቀድሞ የፈረሰኛ ጦር ሰፈር ነበር። መንግሥት ፈረሶቹን አስወጥቶ በምትካቸው መምህራንን ሲያስገባ ጥድፊያ ስለ ነበረ፣ ሕግ በሚማሩበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ የልጓም ማሰሪያ ቀለበቶቹ ሳይነቀሉ ቀሩ፤ ተማሪዎቹም ካፖርታቸውንና ጃንጥላቸውን ይሰቅሉባቸው ጀመር። ግድግዳው እርጥበት በጠጣ ቁጥር የፈረስ ሽታ ከየጥጉ እየተነሣ፣ መምህሩ ስለ ንብረት ሕግ የሚናገሩትን ቁም ነገር ያደበዝዘው ነበር። የታችኛው ግቢ ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ሥራ ያቆመ የሳሙና ፋብሪካ ነበር፤ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ለተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ተሰጠ። ወለሉ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አረፋ ማውጣቱን አልተወም፤ አንድ የኬሚስትሪ መምህር “አሁን ልብ በሉ!” ባሉበት ቅጽበት በጀርባቸው ተዘርግተው ተማሪዎቹ በእርግጥም ልብ ያሉበት ቀን በግቢው ሲወራ ኖሯል።

ደወል ደዋዩን ተማሪው “አባ ሰዓት” ይላቸዋል። ቀድሞ በዚያው ሰፈር የፈረሰኛው ጦር መለከት ነፊ ነበሩ፤ ጦሩ ሲዛወር የፈረሶቹ ስም ዝርዝር ተጽፎ ሲመጣ የእሳቸው ስም ከዝርዝሩ ስለ ጎደለ እዚያው ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ መምህር በየራሱ ሰዓት እየተመራ፣ በአንድ ክፍል ሦስት መምህራን ተገናኝተው በአንድ ጊዜ ማስተማር ጀመሩ፤ ሦስተኛው ድምፀ ነጎድጓድ ስለ ነበሩ አሸነፉ። በዚህ የተቆጡት ሬክተር፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩና፣ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አራት ላይ እንዲህ ብለው አጻፉ፦ “የዩኒቨርሲቲው ሰዓት አንድ ነው፤ ሰዓቱን የሚይዝና ደወሉን የሚደውልም አንድ ሰው ነው።” ከዚያም ባለ ሰንሰለቱን የኪስ ሰዓት ለአባ ሰዓት አስፈርመው አስረከቧቸው፤ ከላይኛው ግቢ በር አጠገብ ያለችውንም ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከሥራው ጋር ሰጧቸው።

የታችኛው ግቢ ሲከፈት ታዲያ ሴኔቱ ሦስት ቀን ተከራከረ። ሁለት ደዋይ ይቀጠር ቢባል አንቀጽ አራት ይፈርሳል፤ አንቀጽ አራት ከሚፈርስ ደግሞ፣ ሬክተሩ እንዳሉት፣ ኮረብታው ቢፈርስ ይሻላል። በመጨረሻ ጠቅላይ ጸሐፊው ካርታ ዘረጉ፤ ማስመሪያቸውን ከደወል እስከ ደወል አጋደሙ፤ በእርሳስ ጥቂት አባዝተው አካፈሉና “ሦስት ደቂቃ!” አሉ። አንድ ሰው በላይኛው ደውሎ፣ ሦስት ደቂቃ ተራምዶ፣ በታችኛው ይደውላል ማለት ነው። ሴኔቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? ካርታው ወንዙንና ድልድዩን ያሳያል እንጂ ቁልቁለቱን አያሳይም ነበር።

ቁልቁለቱ ግን ነበረ፤ መቶ አሥራ አራት የድንጋይ ደረጃ፣ ግማሹ የተነቃነቀ። ከሥሩ ከአንድ ሰው በላይ ጎን ለጎን የማያሳልፍ የእንጨት ድልድይ አለ። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ጠላት ሳይሆን የገዛ ሻለቃቸው ፈረስ የአባ ሰዓትን ቀኝ ጉልበት ረግጦት ነበር። በዚህ ላይ አባ ሰዓት ሰው አያልፉም፤ እንጨት ፈላጩን፣ ወጥ ቤቷን፣ ድልድዩ ላይ የሚጎለተውን ዓሣ አጥማጅ፣ እያንዳንዱን ከነቤተሰቡ ደኅንነት ሳይጠይቁ መንገድ አይቀጥሉም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሩብ ሰዓት ይሆናል። አንድ ቀን አይጨምርም፣ አንድ ቀን አይቀንስም።

የሳይንሱ ዲን ይህን ሊታገሡ አልቻሉም። ቀጭን፣ ጥንቁቅ፣ እንቁላላቸውን በሰዓት ቆጣሪ የሚቀቅሉ ሰው ነበሩ፤ ተማሪው “ዶክተር ሰከንድ” ይላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ የክስ ደብዳቤ ጻፉ። ጠቅላይ ጸሐፊው አርባውን ፋይል አደረጉት። አርባ አንደኛው ግን በክፉ ቀን ደረሰ፤ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የሳሙና ፋብሪካው ይመለስልኝ፣ በወንዝ የተከፈለ ትምህርት ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊባል አይችልም ብሎ አመልክቶ ኖሮ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ጉዳዩን በዓይናቸው ሊያዩ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሁለቱ ደወሎች በሩብ ሰዓት መለያየታቸውን ቢሰሙ የታችኛው ግቢ አበቃለት። እናም ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለአባ ሰዓት ማኅተም ያለው ወረቀት መጣላቸው፦ ሐሙስ የሁለቱ ደወል ልዩነት ከሦስት ደቂቃ ከበለጠ፣ ሥራውንም፣ ሰዓቱንም፣ የበሩን ቤትም ያስረክባሉ።

ባለቤታቸው የተማሪውን አንሶላ የሚያጥቡ፣ ክንደ ብርቱና ምላሰ ፈጣን ሴት ነበሩ። ወረቀቱን ሲሰሙ ያሰጡትን አንሶላ ገመዱ ላይ እንዳንጠለጠሉ ዞሩ።

“ታዲያ ጉልበቴን ያመኛል ብለህ አትነግራቸውም? ምን አፍ አጣህ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ በገዛ አፌ አልረባም ብዬ ልመስክር? ያመመው ሰው ይረፍ ይሉና በክብር ያባርሩኛል።”

“አሁንስ በምን ነው የሚያባርሩህ?”

“አሁንማ በውርደት ነው።”

“ልዩነቱ እኮ ቤቷ ላይ የለም!” አሉ ሴትዮዋ። “በክብርም ተባረርክ በውርደት፣ ይሄ ገመድ ከዚህ ግድግዳ ላይ ይፈታል። ስድስት ዓመት ያጠብኩት እዚህ ነው። የት ሄጄ ላስጣው?”

አባ ሰዓት ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። ዝም አይነቅዝም ብለው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበታቸው ትንፍሽ አላሉም፤ አሁንም ሚስታቸው አንሶላውን እንደገና ሲያነሡ ጫፉን ያዙላቸው።

“እኔ ልደውልልህ” አሉ ሚስት ቀስ ብለው። “አንተ ከላይ ደውል፤ እኔ ታች ቆሜ እጠብቃለሁ።”

“አንቀጽ አራትስ?”

“አንቀጽ አራትን አጥቤ አሰጣዋለሁ!”

ሆኖም አልተደረገም፤ አባ ሰዓት የፈረሙበት ነገር ነበርና።

ሐሙስ ዕለት የሳይንሱ ዲን አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ደዋዩ እየተንቀራፈፈ ነው እንጂ መንገዱስ አጭር ነው ብለው ከልብ ያምኑ ስለ ነበር፣ ክቡር ሚኒስትሩና መላው ሴኔት ካባ ለብሰው ደዋዩን ተከትለው ይውረዱ፤ የሁለቱ ግቢ አንድነትም በዚያው በእግር ይረጋገጥ አሉ። ሬክተሩ ሐሳቡን ግሩም አሉት። ከዚህ ሁሉ ሰው ከደወል እስከ ደወል በእግሩ ወርዶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ የላይኞቹ ታች አይወርዱም፣ የታችኞቹ ላይ አይወጡም፣ ለስብሰባም ሲመጡ በመኪና በከተማው ዞረው ነው።

በሁለት ሰዓት የላይኛው ደወል ተደወለ፤ አባ ሰዓት ከሱሪያቸው ሥር ጉልበታቸውን ከአንሶላ በተቀደደ ጨርቅ ጥፍር አድርገው አስረዋል፤ ጉዞ ተጀመረ። ሬክተሩና ሚኒስትሩ ከፊት፣ መምህራኑ እንደ ማዕረጋቸው ከኋላ፣ ማዕረግ የሌላቸው አባ ሰዓት ደግሞ፣ በሥርዓቱ መሠረት፣ ከሁሉም መጨረሻ ሆኑ። ሰዓቱ ጭራ ላይ ሆኖ ሰዓት ሊለካ ማለት ነው፤ ይህን ግን ያስተዋለ አልነበረም።

ሠላሳኛው ደረጃ ላይ የታሪክ መምህሩ ቆም ብለው፣ የከተማዋ የመጀመሪያ መድፍ የተተከለበትን ስፍራ ለክቡር ሚኒስትሩ ማሳየት ጀመሩ። ስድሳኛው ላይ የኬሚስትሪው መምህር የገዛ ካባቸውን ረገጡ፤ መውደቅ ልማዳቸው ስለ ነበር ብዙ አልተጎዱም። የሳይንሱ ዲን “ፈጠን እንበል እንጂ፣ ክቡራን! ፈጠን!” ይላሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ከኋላ ያሉት በሹክሹክታ ይመልሱላቸዋል። እንዲያም ሆኖ ድልድዩ ጋ ደረሱ፤ ሬክተሩና ሚኒስትሩ ተሻገሩ።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው። ከእነሱ ቀጥለው የሕጉና የሳይንሱ ዲኖች እኩል ደረሱ፤ ድልድዩ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ ሴኔቱ ሁለት ዓመት ተከራክሮ አልወሰነም ነበር። በስብሰባ ላይ እያንዳንዳቸው እኔ በፊት ልጻፍ ብለው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይሟገታሉ፤ እንግዳ ፊት ግን ለመቅደም መሽቀዳደም ነውር ነው።

“ይለፉ፣ ክቡር ዲን” አሉ የሕጉ ዲን እጃቸውን ዘርግተው።

“ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?”

“እንዴት ተደርጎ! በዕድሜም ቢሆን ይበልጡኛል።”

“በዕድሜ አልበልጥዎትም። ግን ይለፉ።”

“እኔ አልፌ እርስዎ ከኋላ? ሰው ምን ይለኛል?”

“ግድ የለም፣ እባክዎ።”

“ካልቀደሙኝ እዚሁ እቀራለሁ!”

ከኋላቸው አሥራ አራት መምህራን ቆመዋል፤ እነሱም እርስ በርሳቸው “ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ” እየተባባሉ ቦታ መለዋወጥ ስለ ጀመሩ ሰልፉ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላ መመለስ ያዘ። ከማዶ ሚኒስትሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይመለከታሉ። የሳይንሱ ዲን ላብ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል፤ እያንዳንዷ ሰከንድ ስታልፍ ይሰማቸዋል፤ ግን ማለፍ አይችሉም፤ ጨዋ ሰው ናቸውና።

በመጨረሻ ከጭራው አንድ ድምፅ መጣ።

“ክቡራን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ልለፍ” አሉ አባ ሰዓት። “እኔ ማዕረግ የለኝም። ብቀድም ማንም አይቀየመኝም።”

መምህራኑ እፎይ ብለው መንገድ ለቀቁ። አባ ሰዓት እያነከሱ በካባዎቹ መካከል አለፉ፤ ዓሣ አጥማጁን ደኅንነቱን ጠየቁ፤ ተሻገሩ፤ የታችኛውን ደወል ደወሉ። ሴኔቱም አንዱ ሌላውን እየገፋ ተከተላቸው፤ ጠቅላይ ጸሐፊው ሮጠው ደረሱና ከአባ ሰዓት ጆሮ ሥር “ሦስት ይበሉ! ሦስት!” አሉ።

“ስንት ደቂቃ ሆነ፣ አባቴ?” ሲሉ ሚኒስትሩ ጠየቁ።

አባ ሰዓት ሰዓቱን አወጡ። ሦስት ቢሉ ግቢው ይተርፋል፤ እሳቸው ግን ከነገ ጀምሮ በሦስት ደቂቃ ሊወርዱ ነው፤ ያንን ደግሞ እንኳን ዛሬ በጉብዝናቸውም አይችሉትም። እውነቱን ቢናገሩ ጉልበታቸው ይጋለጣል፤ ቤቷ ትሄዳለች፤ ግቢውም ይሄዳል። የሳይንሱን ዲን አዩ። ዲኑ ካባቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆኖ፣ እንደ ፈተና ወዳቂ ተማሪ መሬት መሬት ያያሉ፤ አርባ አንድ ደብዳቤ የጻፉባቸው ሰው ናቸው፤ ግን አሳዘኗቸው።

“ክቡር ሚኒስትር” አሉ አባ ሰዓት፣ “ይህ ሰዓት የእኔ አይደለም፤ ፈርሜ የተረከብኩት ነው፤ በእሱ መዋሸት አልችልም። ዛሬ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆኗል፤ ከክቡራኑ ጋር ስለ መጣሁ ነው። ብቻዬን ስሆን ሩብ ሰዓት ነው። ጉልበቴም ታሟል፤ አልደብቅም። ሦስት ደቂቃማ… ለወፍ ነው።”

ዓሣ አጥማጁ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ስለ ነበሩ፣ የተሸነፈ ጉዳይ ሲያዩ ያውቁታል።

“ክቡር ሚኒስትር፣ ሩብ ሰዓቱ ታስቦበት የተደነገገ ነው” አሉ በእርጋታ። “የላይኛው ደወል ተማሪውን ከአንዱ እውቀት ያሰናብተዋል፤ የታችኛው ወደ ሌላው ይጠራዋል፤ በመካከሉ ያለው ሩብ ሰዓት የማሰቢያ ነው። ሁለቱን ግቢ አንድ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። እኛም ዛሬ በድልድዩ ላይ እንዳዩት፣ ስናስብ ነበር።”

ጠቅላይ ጸሐፊው ወረቀት ከየት እንዳመጡ ሳይታወቅ መጻፍ ጀምረው ነበር።

ሚኒስትሩ ጭቃ የለበሰ ጫማቸውን፣ ከዚያ ድልድዩን፣ ከዚያም የሳሙና ፋብሪካውን ተራ በተራ ተመለከቱ።

“እኔም ሳስብ ነበር” አሉ። “ሳሙና የጫነ ጋሪ በዚህ ድልድይ እንዴት እንደሚያልፍ እያሰብኩ ነበር። አያልፍም። የሚያስብ ተማሪ ግን፣ እንደ ምንም ብሎ፣ ያልፋል።” ግቢውም በዚያው ጸና።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴኔቱ ተሰብስቦ፣ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠር ቀን ያለው አንቀጽ አራት “ለ” አወጣ፦ “በሁለቱ ግቢዎች ደወል መካከል ሩብ ሰዓት የማሰላሰያ ጊዜ ይኖራል።” ስለ ደዋዩ ጉልበት በቃለ ጉባኤው አልተጻፈም፤ የበሩ ቤት ግን ሳይወሰድ ቀረ፤ የአንሶላውም ገመድ ከግድግዳው አልተፈታም። በማግስቱ ማለዳ የሳይንሱ ዲን ሰዓት ቆጣሪያቸውን ይዘው ከላይኛው ደወል ሥር ተገኙና፣ ከአባ ሰዓት ጋር ብቻቸውን ወረዱ።

“አሥራ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ” አሉ ሲደርሱ፣ ቅር ብሏቸው። “አንቀጹ ሩብ ሰዓት ነው የሚለው። አሥር ሰከንድ ይጎድላል።”

“ግድ የለም፣ ክቡር ዲን። ነገ የዓሣ አጥማጁን አማት ጨምሬ እጠይቃለሁ።”

ዲኑ ከዚያ ቀን ወዲያ፣ ስብሰባ ካልያዛቸው በቀር፣ መንገዱን አብረዋቸው መውረዱን አልተዉም። አርባ ሁለተኛ ደብዳቤም አልጻፉም።

ዓመታት አለፉ። ሁለቱን ደወሎች በአንድ ቅጽበት የሚያስጮህ የኤሌክትሪክ ገመድ ከወንዙ በላይ ተዘረጋ፤ ቢሆንም በየትኛውም ግቢ ከሩብ ሰዓት በፊት ማስተማር የጀመረ መምህር አልተገኘም፤ ድንጋጌ ነዋ። የኢዮቤልዩው መጽሐፍ በታተመ ጊዜ “ሩቡ” በተባለው ወግ ላይ አሥራ አንድ ገጽ ተጻፈ፤ አንዱ ሊቅ ከሩቅ አገር ጥንታዊ ትምህርት ቤቶች የተወረሰ ነው አሉ፤ ሌላው ሊቅ ደግሞ የለም፣ መሥራቾቹ በድልድዩ ላይ ባደረጉት ጥልቅ ምክክር የፈለቀ ነው ብለው ቃለ ጉባኤውን ጠቀሱ። የደወሎቹ ክብደት በኪሎ ተመዝግቧል። የዚያን ሐሙስ ሰዎቹ ድልድዩ ጋ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍም አለ፤ ከሥሩ የአሥራ ስድስቱም መምህራን ስም ከነማዕረጉ በተርታ ሰፍሯል፤ ከጭራ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አንድ እግሩን ቀለል አድርጎ የቆመው ሰው ግን “ያልታወቀ” ተብሏል። ታሪክ እንዲህ ነው፤ የተፈረመበትን ያምናል፣ የፈረመውን ይረሳል። እኔም ብሆን ያንን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስጽፍ ከቃለ ጉባኤው ውጭ የት እሄድ ነበር?

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያልያዘው አንድ ቀን አለ፤ አባ ሰዓት የተቀበሩበት ቀን። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተብሎ በሁለቱም ግቢ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። የሳይንሱ ዲን፣ ጡረታ ወጥተው ከዘራ ይዘው፣ በዘጠኝ ሰዓት ዜሮ ሰከንድ ከበሩ ቤት ደረሱ። አስከሬኑ ከቤት ውስጥ ነው፤ ደጅ የተደረደሩት ወንበሮች ግን ባዶ ናቸው፤ ከአንሶላው ገመድ ሥር ባልቴቷ ብቻቸውን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዲኑ ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰዓታቸውን አወጡ፤ ደማቸው ፈላ።

“ሰዉ የታለ? ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው! አንድም ሰው አይመጣም? አንድም?” አሉ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ።

ባልቴቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

“ይመጣሉ፣ ክቡር ዲን፤ ሁሉም ይመጣሉ” አሉ። “ይቀመጡ። ገና ሩብ ሰዓት አለው።”

ዲኑ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱና ተቀመጡ።